ግብሩን የሚከፍል ሁሉ ባለመሬት አይደለም

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች አሳጥረን ያለ ስም አቅርበነዋል።

«ሰላም ለአዘጋጁ። እኔ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው የምሠራው፤ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ለዓመታት ያጠራቀምናት ገንዘብ አለች። አሁን ከሪችመንድ ወዲያ፣ ገጠር ካውንቲ ውስጥ፣ 7 ኤከር መሬት በ60 ሺህ ዶላር አግኝተናል። ሻጩ ደግ አዛውንት ናቸው። መሬቱ የአባታቸው ነበር፤ አባታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ሰውየው ‹ጠበቃና ታይትል ካምፓኒ (የመሬት ባለቤትነትን የሚያጣራ ድርጅት) ትርፍ ወጪ ነው፤ ካሽ ስጡኝ፣ ኖታሪ ፊት ኩዊትክሌም ዲድ (አንድ ዓይነት የመሬት ማስተላለፊያ ሰነድ) እፈርምላችኋለሁ› ይላሉ። በካውንቲው ድረ ገጽ ላይ ስናይ ግብሩ በስማቸው ተከፍሏል። እዚያው ድረ ገጽ ላይ በሚታየው የመሬቶች ካርታ ላይ ግን ያለው የአባታቸው ስም ነው። ባለቤቴ ዕድሉ እንዳያመልጠን ይላል። የእኔ ልብ ግን ፈራ። ራሴ ሄጄ መዝገቡን ማየት እችላለሁ? ዲዱንስ የት ነው የምናስመዘግበው? ደግሞ ስሜ ግሪን ካርዴና መንጃ ፈቃዴ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህስ ችግር ያመጣል?»

እህቴ፣ ልብሽ የፈራው በከንቱ አይደለም። ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። መዝገቡ ሳይነበብ አንድ ዶላር እንዳትሰጪ። ቀብድም ቢሆን።

ሰውየው አታላይ ናቸው እያልኩ አይደለም። ምናልባት ከልባቸው የራሳቸው ይመስላቸው ይሆናል። እንዲህ ያለ ጣጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከክፉ ሰው ሳይሆን፣ ጉዳዩን ሳያጣራ ከኖረ ቅን ሰው ነው።

ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣነው አንድ ልማድ አለ። አዲስ አበባ ላይ ቤት ስንገዛ ውልና ማስረጃ እንሄዳለን። እዚያ ሠራተኛው ካርታውን ያያል፣ እገዳ እንዳለበት ያጣራል፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትምጣ ይላል። መመላለሱ ያማርረናል። ግን በሻጭና በገዢ መሃል ቆሞ የሚያጣራ የመንግሥት ሰው አለ። ብዙዎቻችን ኖታሪ የሚለውን ስንሰማ ያ ሰው ይመስለናል። አይደለም። የአሜሪካ ኖታሪ የሚያረጋግጠው ፊቱ የፈረመው ሰው መታወቂያው ላይ ያለው ሰው መሆኑን ብቻ ነው። መሬቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ሥራውም አይደለም።

መዝገብ ቤቱም እንደዚያው ነው። ፎርሙን ያሟላና ክፍያው የተከፈለበት ዲድ ሲቀርብለት ይመዘግባል። ውስጡ የተጻፈው እውነት ነው ብሎ ግን ዋስ አይሆንም። «ይህ መሬት የእገሌ ነው» ብሎ መንግሥት ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ቨርጂኒያ ውስጥ የለም። ያለው የሰነዶች ሰንሰለት ነው። ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን እንዳስተላለፈ የሚያሳዩ ወረቀቶች ተያይዘው ዛሬ ላይ ይደርሳሉ። አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ችግሩ የሚወድቀው በመጨረሻው ገዢ ላይ ነው። መሃል ላይ የሚያጣራልሽ ሰው ስለሌለ፣ ወይ አንቺ ታጣሪያለሽ ወይ ከፍለሽ ታስጣሪያለሽ።

አሁን ወደ ግብሩ እንምጣ። በድረ ገጹ ያያችሁት የግብር መዝገብ ነው። የግብር ቢሮ የሚፈልገው ሒሳቡ እንዲከፈልለት እንጂ ባለቤቱን መወሰን አይደለም። ጎረቤት ቢከፍልም ይቀበላል። ካርታው ላይ የአባትየው ስም መኖሩ ግን ትልቅ ምልክት ነው። አባትየው ከሞቱ ወዲህ መሬቱ ወደ ልጃቸው ስም አልዞረም ይሆናል። ከዚህ በላይ ካርታው የሚነግርሽ የለም። ቀሪው ያለው የመሬት መዝገብ የሚይዘው የፍርድ ቤት ክለርክ ጋ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሰው ሲሞት መሬቱ በቀጥታ ወደ ወራሾቹ ያልፋል። ኑዛዜ ካለ ኑዛዜው እንዳለው ይሆናል። አባትየው «መሬቱን ለእገሌ» ብለው ጽፈው፣ ኑዛዜው ፍርድ ቤት ቀርቦ ከጸደቀ፣ ሰውየው ልክ ናቸው፤ ነገሩም ቀላል ነው። ኑዛዜ ከሌለ ግን ሕጉ ያከፋፍላል። ሟች ሚስት ካላቸውና ልጆቹ ሁሉ የእሷም ልጆች ከሆኑ፣ መሬቱ በሙሉ የሚያልፈው ለሚስት ነው። ልጆቹ ያኔ ምንም አያገኙም። ከሌላ የተወለደ ልጅ ካለ ሚስት አንድ ሦስተኛ፣ ልጆች ሁለት ሦስተኛ ይወስዳሉ። ሚስት ከሌለች ለልጆች እኩል ይከፋፈላል። ስለዚህ ሰውየውን የምትጠይቂያቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዋጋ አይደለም። «አባትዎ ሲሞቱ እናትዎ በሕይወት ነበሩ? ስንት ወንድምና እህት አለዎት? ኑዛዜ ነበረ?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

አራት ልጆች ናቸው እንበል። እናትም የለችም፣ ኑዛዜም የለም። ሰውየው መስጠት የሚችሉት ሩቡን ብቻ ነው። ሩብ ሲባል ከ7ቱ ኤከር ተለክቶ የታጠረ ጥግ አይደለም። በእያንዳንዱ ስንዝር ላይ ከሦስቱ ወንድም እህቶች ጋር የጋራ ባለቤት ትሆኛለሽ። 60 ሺህ ዶላር ከፍለሽ ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ተጋርተሽ ትቀመጫለሽ። ከመካከላቸው አንዱ የሞተ ከሆነ ደግሞ ልጆቹ ይተካሉ። አንዱ ካሊፎርኒያ፣ ሌላው የት እንዳለ አይታወቅም። ማንኛቸውም ፍርድ ቤት ሄደው መሬቱ ይከፈል ወይም ይሸጥ ማለት ይችላሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስለሚያሳዝነኝ ነው። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ያለ ኑዛዜ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ መሬት ብዙ ነው። በተለይ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች መሬታቸውን ያጡት በዚህ መንገድ ነው። አንድ የውጭ ሰው የአንዱን ወራሽ ድርሻ ይገዛል። ከዚያ ሁሉም ይሸጥ ብሎ ይከሳል። መሬቱ በጨረታ በርካሽ ይሄዳል። ቨርጂኒያ በ2020 ይህን የሚገታ ሕግ አውጥታለች። አሁን አንዱ ይሸጥ ካለ ሌሎቹ በተገመተው ዋጋ ድርሻውን የመግዛት ቅድሚያ አላቸው። ያንቺ ጥንቃቄ እንግዲህ የራስሽን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የእነዚያን ወንድም እህቶች መብትም ይጠብቃል። ባለቤትሽ «ለምን ነገር ታበዢያለሽ» ካለሽ ይህንንም ንገሪው።

ስለ ኩዊትክሌም ዲድ። በዚህ ዲድ ሻጩ የሚለው «በመሬቱ ላይ መብት ካለኝ ለቅቄልሻለሁ» ነው። መብት ባይኖራቸውስ? ምንም አልሰጡሽም፣ በዲዱም አትጠይቂያቸውም። በቤተሰብ መካከል ስም ለማስተካከል፣ በፍቺ ጊዜ፣ ወይም አጠራጣሪ መብት ያለው ሰው እጁን እንዲያነሳ ጥሩ መሣሪያ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ለሚገዛ ባዕድ ግን አይሆንም። አንቺ መጠየቅ ያለብሽ ጄኔራል ዋራንቲ ዲድ ነው። እዚያ ላይ ሻጩ መሬቱ የእሱ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ቢነሳም እንደሚከላከልልሽ ቃል ይገባል። ስፔሻል ዋራንቲ የሚባለውም አለ፤ ቃሉ ሻጩ በያዘበት ዘመን ለተፈጠረው ብቻ ነው። ወራሾች ብዙ ጊዜ እሱን ነው መስጠት የሚፈልጉት። ታይትል ኢንሹራንስ (በባለቤትነቱ ላይ ችግር ቢነሳ የሚሸፍን ዋስትና) ከተጨመረበት እሱም ክፉ አይደለም።

ራሴ ሄጄ ማየት እችላለሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። በደንብ ትችያለሽ። መዝገቡ የሕዝብ ነው፤ ለምን ፈለግሽው የሚልሽ የለም። ቨርጂኒያ ውስጥ የመሬት ሰነድ የሚቀመጠው በሰርኪት ፍርድ ቤቱ ክለርክ ቢሮ ነው፤ መሬቱ ባለበት ካውንቲ። አንቺ የምትኖሪበት አሌክሳንድሪያ ያለው ቢሮ ምንም አይረዳሽም። ሰሜን ካሮላይና ብትሆኚ ሬጅስተር ኦፍ ዲድስ፣ ቴክሳስ ብትሆኚ ካውንቲ ክለርክ ትሄጂ ነበር። ክለርኮቹ ብዙዎቹ መዝገባቸውን በኢንተርኔትም በክፍያ ያሳያሉ። ግን ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ወስደሽ በአካል ብትሄጂ እመክራለሁ። ድሮ በእጅ የተጻፈው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ላይገኝ ይችላል። ከመሄድሽ በፊት ደውይ። ብዙ የፍርድ ቤት ሕንፃዎች ስልክ ይዞ መግባት ስለሚከለክሉ ደብተርና እስክሪብቶ ያዢ። ሠራተኞቹ መጽሐፉ የት እንዳለና ማውጫው እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩሻል። የሕግ ምክር እንዲሰጡ ግን አይፈቀድላቸውም። «ይህ ዲድ ጥሩ ነው?» ብትያቸው አይመልሱልሽም፤ ቅር አይበልሽ።

ፍለጋው በሰው ስም ነው የሚሄደው። ሁለት ማውጫ አለ። አንዱ የተቀባዮች ነው፤ ግራንቲ ይሉታል። ሌላው የሰጪዎች ነው፤ ግራንተር ይሉታል። በተቀባዮቹ ማውጫ የአባትየውን ስም ፈልጊ። መሬቱን ያገኙበት ዲድ ቁጥር ይወጣል፤ ለምሳሌ «ዲድ ቡክ 212፣ ገጽ 88» ይልሻል። መጽሐፉን አውጥተሽ አንብቢው። ወደ መጨረሻው አካባቢ «ይህ መሬት ከእገሌ በእንዲህ ያለ ዲድ የተገኘው ነው» የሚል አረፍተ ነገር አለው። ወደ ኋላ የሚመራሽ እሱ ነው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ዲድ፣ ከዚያም ወደ በፊቱ ትሄጃለሽ። የቨርጂኒያ ጠበቆች ሙሉ ምርመራ ሲያደርጉ ወደ 60 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳሉ።

ይህ ግን ግማሹ ሥራ ነው። አሁን አቅጣጫውን አዙሪ። እያንዳንዱን ባለቤት በሰጪዎቹ ማውጫ ፈልጊው፤ መሬቱን ከያዘበት ቀን እስከ ለቀቀበት ቀን። ለአባትየው እስከ ዛሬ ድረስ ፈልጊ። ከመሬቱ ላይ ቆርሰው የሸጡት አለ? የማገዶ ወይም የጣውላ ዛፍ የመቁረጥ መብት ሸጠዋል? ለመብራት ኩባንያ መስመር ፈቅደዋል? ለጎረቤት መተላለፊያ ሰጥተዋል? ተበድረውበታል? ቨርጂኒያ ውስጥ የቤትና የመሬት ብድር የሚመዘገበው ዲድ ኦፍ ትረስት በሚባል ሰነድ ነው። እሱን ካገኘሽ፣ ከእሱ በኋላ ዕዳው እንደተከፈለ የሚገልጽ ሰርተፊኬት ኦፍ ሳቲስፋክሽን መኖሩን እይ። ብድሩ ተከፍሎ ወረቀቱ ያልተመዘገበበት ጊዜ ያጋጥማል። ያን ጊዜ ባንኩ እንዲያስመዘግብ ማድረግ የሻጩ ሥራ ነው፤ ከሽያጩ በፊት።

የኑዛዜ መዝገቡም እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው። የአባትየውን ስም እሱም ላይ ፈልጊ። ኑዛዜው ካልተገኘ «የወራሾች ዝርዝር» የሚል ሰነድ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ የልጆቹ ስምና አድራሻ አለ። ይህን ገጽ ካገኘሽ ቀንሽ በከንቱ አላለፈም። ከዚያ የፍርድ ዕዳዎችን መዝገብ ጠይቂ። አንድ ሰው ተከሶ ከተፈረደበትና ፍርዱ በዚያ ካውንቲ ከተመዘገበ፣ ዕዳው እዚያ ባለው መሬቱ ላይ ይንጠለጠላል። የአንዱ ወራሽ ዕዳ በእሱ ድርሻ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሁሉንም ስም ፈልጊ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች እንዳያምታቱሽ፣ የሚስቶቹን ስምና የመሬቱን አቀማመጥ አመሳክሪ።

እነዚህ መጻሕፍት ያስደንቁኛል። በቨርጂኒያ ኖርዝሃምፕተን ካውንቲ የሚገኘው የፍርድ ቤት መዝገብ ከ1632 ጀምሮ ሳይቋረጥ ቆይቷል፤ በአሜሪካ ረጅሙ ነው ይባላል። በአንጻሩ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ አንዳንድ ካውንቲዎች ለደኅንነት ብለው መዝገባቸውን ወደ ሪችመንድ ላኩ። በኤፕሪል 1865 ከተማዋ ስትቃጠል መዝገቡም አብሮ ነደደ። ላንቺ የ60 ዓመት ፍለጋ ይህ አያሳስብም። ግን ወረቀት የሚያስመዘግብ ሰው ሁሉ ከእሱ በኋላ ለሚመጣ ሰው እየጻፈ እንደሆነ ያሳያል።

የድሮ ዲድ ስታነቢ የወሰኑ አጻጻፍ ይገርምሽ ይሆናል። ቨርጂኒያ መሬቷን በአራት ማዕዘን አልሸነሸነችም። «ከነጩ የኦክ ዛፍ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 33 ፖል፣ ከዚያ የእገሌን ድንበር ይዞ እስከ ጅረቱ» ዓይነት ነው። አንድ ፖል 16 ጫማ ተኩል ነው። ዛፉ ከሞተ ቆይቷል፤ እገሌም ሸጦ ሄዷል። የኤከሩ ቁጥር አጠገብ ደግሞ «ከዚህ የበዛ ወይም ያነሰ» ተብሎ ይጻፋል። ድረ ገጹ ላይ ያየሽው ባለ ቀለም መስመር ድንበር አይደለም፤ ግምት ነው። ፈቃድ ያለው ቀያሽ ሳይለካው አትግዢ። ጥግ ጥጉ ላይ የብረት ችካል ይተክላል። መሬቱ ከሕዝብ መንገድ ጋር የሚገናኝ መሆኑንም በዚያው ጠይቂ። ሁልጊዜ በጎረቤት ግቢ ሲያልፉ መኖራቸው የተመዘገበ መብት አለ ማለት አይደለም።

ቤት ልትሠሩበት ካሰባችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። ገጠር ውስጥ ብዙ ጊዜ የከተማ ፍሳሽ መስመር የለም። አፈሩ ሴፕቲክ (በግቢ ውስጥ የሚቀበር የፍሳሽ ማስወገጃ) የሚቀበል መሆኑን ካላረጋገጣችሁ የቤት ፈቃድ አታገኙም፤ ውሉ ላይ በቅድመ ሁኔታ ይግባ። መሬቱ በእርሻ ቅናሽ ግብር የሚከፈልበት ከሆነ ደግሞ፣ አጠቃቀሙን ስትቀይሩ ያለፉትን 5 ዓመታት ልዩነት ከነወለዱ ይጠይቋችኋል። ይህን የግብር ቢሮው በስልክ ይነግርሻል።

ይህን ሁሉ ራስሽ ካየሽ በኋላም ጠበቃ ያስፈልግሻል። መሄድሽ የሚጠቅመው ነገሩ ጠበቃ የሚያስቀጥር መሆን አለመሆኑን በአንድ ቀን ስለሚነግርሽ ነው። ምርመራው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። 60 ሺህ ለምታወጪ ሰው ብዙ አይደለም። የባለቤት ታይትል ኢንሹራንስም ግዢ። አንዴ ነው የሚከፈለው፤ መሬቱን እስከያዝሽ ድረስ ይሠራል። ኢንሹራንስ ኩባንያው መዝገቡን አይቶ «አልሸፍንም» ካለ፣ ያ ራሱ መልስ ነው። ሥራው ይህ የሆነ ኩባንያ የፈራውን ዕዳ እናንተ ለምን ትሸከማላችሁ?

አሁን ምዝገባው። ቨርጂኒያ ውስጥ ዲዱን ማዘጋጀት የሚችለው ባለቤቱ ራሱ ወይም በግዛቱ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው። ያዘጋጀው ሰው ስም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፋል። ሽያጩ የተደረገበት ዋጋና የመሬቱ የግብር ቁጥርም እንዲሁ። ወራሾቹ ሁሉ ኖታሪ ፊት ይፈርማሉ። አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰብ የለባቸውም፤ ካሊፎርኒያ ያለው እዚያው ፈርሞ መላክ ይችላል። ከዚያ ዋናው ቅጂ ለክለርኩ ይገባል። ቀኑና ሰዓቱ ይመታበታል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኮፒው መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ዋናው ይመለስልሻል። ለግዛቱ የምትከፍይው የምዝገባ ግብር በ100 ዶላር 25 ሳንቲም ነው። ለ60 ሺህ 150 ዶላር ይመጣል። ካውንቲው የዚህን አንድ ሦስተኛ ሊጨምር ይችላል፤ ያም 50 ዶላር ነው። ሻጩ በበኩላቸው በ500 ዶላር 50 ሳንቲም ይከፍላሉ፤ 60 ዶላር መሆኑ ነው። ክለርኩ ደግሞ እንደ ገጹ ብዛት ትንሽ ያስከፍላል።

«ፈርመን እናስቀምጠው፣ በኋላ እናስመዘግባለን» የሚል ሐሳብ እንዳይመጣባችሁ። ያልተመዘገበ ዲድ በእናንተና በሻጩ መካከል ይሠራል። ነገር ግን ሻጩ ያንኑ መሬት የእናንተን መግዛት ለማያውቅ ሌላ ሰው ቢሸጡትና እሱ ቀድሞ ቢያስመዘግብ፣ ሕጉ የሚደግፈው እሱን ነው። ለሻጩ ያበደረ ሰው አስፈርዶ ቢያስመዘግብም እንደዚያው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ደግሞ ይባስ፤ ሁለተኛው ገዢ ቢያውቅም ቀድሞ ያስመዘገበ ይረታል። ስለዚህ በተፈረመበት ቀን ወይም በማግስቱ ይመዝገብ። ጠበቆች አሁን በኮምፒዩተር መላክም ይችላሉ።

ስለ ስምሽ ያነሳሽው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ለእኛ ግን ትልቅ ነው። መዝገቡ በሰው ስም የሚፈለግ መሆኑን አይተሻል። የቨርጂኒያ ሕግ የቤተሰብ ስም ዲዱ ላይ መጀመሪያ ሲጠቀስ በትልልቅ ፊደል እንዲጻፍ ወይም እንዲሰመርበት ያዛል፤ ማውጫው ውስጥ የሚገባው በእሱ ስለሆነ። እኛ ደግሞ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም መጨረሻ ይሆናል። «ገብረ መድኅን» አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተለያይቶ ይጻፋል፤ ሲለያይ «መድኅን» ብቻውን የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል። የነገ ገዢ ወይም ልጅሽ በሌላኛው ቢፈልግ አያገኝሽም። ዲዱ ላይ በሕጋዊ መታወቂያሽ ያለው ስም ይግባ። ከሱ ቀጥሎ «በዚህም ስም የምትታወቀው» ተብሎ ሌላኛው ይጨመር። ማውጫው ውስጥ በሁለቱም እንዲገባ ጠበቃው ክለርኩን ይጠይቅ። ከተቻለ ደግሞ ከመግዛትሽ በፊት መንጃ ፈቃድሽን አስተካክይ።

የባልና ሚስትም ነገር አለ። የእናንተ የመጨረሻ ስም ስለሚለያይ፣ ያየ ሁሉ ባልና ሚስት መሆናችሁን አያውቅም። ዲዱ «ባልና ሚስት» ብሎ በግልጽ ይናገር። ከዚያም ቴናንትስ ባይ ዘ ኢንታየርቲ፣ ከሞት በኋላ ለቀሪው የሚተርፍ፣ የሚለው ቃል ይግባ። ያ ቃል ካልተጻፈ ግማሽ ግማሽ ይሆናል። አንዳችሁ ብትሞቱ የሟቹ ግማሽ በኑዛዜ ወይም በውርስ ሕግ ይሄዳል። ቃሉ ከተጻፈ ግን መሬቱ በቀጥታ የቀሪው ነው። በዚህ መንገድ የተያዘ መሬት በአንዳችሁ ብቻ ዕዳ በቀላሉ አይያዝም። ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ማንም ሳይጠይቅሽ የሚያስገባልሽ እንዳይመስልሽ።

ከተመዘገበ በኋላ የግብር ደብዳቤ የሚላክበትን አድራሻ ቀይሩ። ሒሳቡ ወደ ሟች አድራሻ እየሄደ ሳይከፈል ዓመታት ካለፉ፣ ካውንቲው በፍርድ ቤት ሊያሸጠው ይችላል። በፖስታ ደግሞ «የዲድዎን ኮፒ በ100 ዶላር እንልክልዎታለን» የሚል መንግሥት የላከው የሚመስል ደብዳቤ ይመጣል። ጣሉት። ክለርኩ ጋ ኮፒው በገጽ ሳንቲሞች ነው። በስምሽ አንድ ሰነድ ሲመዘገብ በኢሜይል የሚያሳውቅ አገልግሎት ክለርኩ ካለው ተመዝገቢ፤ በሁለቱም የስም አጻጻፍ።

ለሰውየው ምን ልበል ብለሽ ትጨነቂ ይሆናል። እንዲህ በያቸው፦ «እርስዎን ስላላመንን አይደለም። ገንዘባችን የላባችን ነው፤ ወረቀቱ ተጣርቶ መግዛት እንፈልጋለን። የጠበቃውን ወጪ እኛ እንችላለን። ወንድም እህቶችዎ ካሉም በድርሻቸው ይፈርሙ፣ ገንዘቡም በየድርሻቸው ይድረሳቸው።» ከተስማሙ የጽሑፍ ውል ይሁን፣ ቀብዱ በእጃቸው ሳይሆን በጠበቃው የአደራ ሒሳብ ይግባ፣ መዝገቡ ንጹሕ ካልሆነ ተመላሽ እንደሆነ ይጻፍበት። «አይሆንም፣ አሁኑኑ ካሽ» ካሉ ተዪው። ቨርጂኒያ ውስጥ 95 ካውንቲ አለ፤ ሌላ 7 ኤከር አይጠፋም። ከተስማሙና ጠበቃው ያገኘው ነገር ግራ ካጋባሽ ደግሞ ደግመሽ ጻፊልኝ፤ ገጽ በገጽ አብረን እናየዋለን።